የስብእና ጥናት ታሪክ፤ በዓይነት ከመመደብ በመጠን ወደ መለካት

ሰዎችን በጠባያቸው በዓይነት ከፍሎ የመረዳት ፍላጎት ጥንታዊ ነው። በሁለተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ሐኪም ጋሌን የሂፖክራተስን ወገን ትምህርት ተከትሎ የሰው ጠባይ በአራት የሰውነት ፈሳሾች፣ ማለትም በደም፣ በአክታ፣ በቢጫና በጥቁር ሐሞት ሚዛን የሚወሰን መሆኑን አስተምሯል። ከጊዜ በኋላ በተስፋፋው ትምህርት ደም የበዛበት ደስተኛ፣ ቢጫ ሐሞት የበዛበት ቁጡ፣ ጥቁር ሐሞት የበዛበት ተካዥ፣ አክታ የበዛበት ዝግተኛ ይባል ነበር። በኢትዮጵያም የቤተ ክህነት ትምህርት የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተገኘ መሆኑን ሲያስረዳ ኖሯል።

የአራቱ ፈሳሾች ትምህርት በሕክምና ዘንድ ቢሻርም የመመደቡ ልማድ አልቀረም። የስዊሱ ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎችን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ብሎ ለይቷል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ዝንባሌዎች በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ እንደሚገኙና ልዩነቱ የሚያይለው የትኛው እንደ ሆነ ብቻ መሆኑን ራሱ ገልጿል። ብዙዎቹ ተከታዮቹ ግን ስያሜውን እንጂ ማሳሰቢያውን አልያዙም።

እ.ኤ.አ. በ1936 ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሰውን ከሰው የሚለዩ 17,953 ቃላት ለቀሙ፤ ከእነዚህም 4,504ቱ ጸንተው የሚኖሩ ጠባያትን የሚያመለክቱ ሆነው ተገኙ። በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ብዛቱን በስታቲስቲክስ ዘዴ እያጠቃለሉ ወደ አምስት ዐበይት ጠባያት አደረሱት፤ እነርሱም ተግባቢነት፣ ርኅሩኅነት፣ ትጋት፣ የስሜት መረጋጋትና ለአዲስ ሐሳብ ዝግጁነት ናቸው። በዚህ አመለካከት እያንዳንዱ ጠባይ በሁሉም ሰው ዘንድ በመጠን ይገኛል፤ አብዛኛውም ሰው ከሁለቱ ዳርቻዎች ይልቅ በመካከል ይቆማል።

ለትምህርት ቤት ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሂዩ ሃርትስሆርንና ማርክ ሜይ እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጡት ጥናት ነው። በሺህ የሚቆጠሩ የአሜሪካ ተማሪዎችን በፈተና፣ በጨዋታና በገንዘብ ረገድ ሲመረምሩ፣ በአንዱ ያታለለ ልጅ በሌላው ታማኝ ሆኖ መገኘቱን ተመለከቱ። ዋልተር ሚሸልም እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ድርጊት ሌላውን በእጅጉ እንደማያስተነብይ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሞር ኤፕስታይን በበኩሉ በብዙ ቀናት የታዩ ድርጊቶች አንድ ላይ ሲደመሩ የጸና ጠባይ ጎልቶ እንደሚታይ አስረዳ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። «ሰነፍ»፣ «ዓይን አፋር» ወይም «አስቸጋሪ» ተብሎ በአንድ ቀን ድርጊት የተጻፈ አስተያየት፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሲተላለፍ ለልጁ ሁለተኛ ስም ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ መምህሩ የሚመዘግበው ልጁ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሳይሆን ምን እንዳደረገ፣ የትና ስንት ጊዜ እንዳደረገ ሊሆን ይገባል። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም የጠባይ መግለጫ ቅጾችን ሲያዘጋጁ ለስያሜ ሳይሆን ለተደጋጋሚ ምልከታ ቦታ መስጠት ይኖርባቸዋል።