ሃሚንግበርድ ቦሌ የለም፤ ተከዜ ግን አለች

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከገርጂ አጭር ቪዲዮ ልኮልኝ "ቲቸር፣ ይቺ ሃሚንግበርድ አይደለችም?" አለኝ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለሆነ እዚሁ ልመልሰው።

አይደለችም። ሃሚንግበርድ ዛሬ ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ ውጭ የለም። ስሙን ያገኘው ከክንፉ ድምፅ ነው። በሴኮንድ 50 ጊዜ ያህል እያርገበገበ አየር ላይ ቆሞ ሲቀስም እንደ ንብ እምምም ይላል። ጭራው ራሱ ይጮኻል። "አና" የሚባለው ዝርያ ወንዱ ከላይ ተወርውሮ ሲወርድ የሚያሰማው ስለታም ድምፅ ከጭራው ላባ እንደሚወጣ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል።

የእኛዋ ሌላ ዘር ናት። መንቁሯ ቢመሳሰልም ያመሳሰላቸው ሥራው እንጂ ዝምድና አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ ላይ አርፋ ስለምትቀስም ያ የክንፍ ጥዝታ የላትም፤ የምንሰማው የጉሮሮዋን ነው። ወንዱ ሲያዩት ጥቁር ይመስላል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ወይን ጠጅ ሆኖ ያብረቀርቃል።

አሁን ወደ ታሪኩ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1809 እና በ1810 እ.ኤ.አ. በሰሜኑ አገራችን ተጉዞ ተከዜ ደርሶ ነበር። በ1814 ለንደን ላይ በወጣው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ይቺ ወፍ ለሳይንስ ተመዘገበች። ሎርድ ስታንሊም በወንዙ ስም "ታካዜ" አላት። ዛሬ ኬንያና ታንዛኒያ ተራሮች ላይ የሚያያት ሰው ሁሉ የሚጠራት በእኛ ወንዝ ስም ነው። እኛ ደግሞ በአሜሪካ ወፍ ስም እንጠራታለን!

ቦሌም የራሱ የድምፅ ታሪክ አለው። የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ቀድሞ ልደታ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጄት ሲመጣ ሜዳው አልበቃ ብሎ ወደ ቦሌ ተዛወረ። ያኔ አካባቢው እርሻና የግጦሽ መስክ ነበር። ከዚያ ከቡልቡላ እስከ አያት ሕንፃ በሕንፃ ሆነ። ወፏን የጄቱ ጩኸት አላባረራትም። የሚያባርራት የአበባ መጥፋት ነው። አጥር ሥር የበቀለች ራስ ክምር ወይም እሬት ተነቅላ ግቢው በሙሉ ሴራሚክ ሲሆን ዝም ብላ ትሄዳለች። ስሟን ያላወቅነው ነገር ሲሄድ ደግሞ "የት ገባ?" የሚል አይኖርም።

እስቲ አያቶቻችሁን ጠይቁልኝ፤ በአካባቢያችሁ ማን ነበር የምትባለው? ላይኩ ይቅርብኝ፣ ስሟን ጻፉልኝ።