ጫማ የማውለቅ ክብርና ጫማ የማጣት ሥቃይ

ሰው ከአካሉ ሁሉ አብልጦ የሚያደክመው እግሩን ነው፤ አብልጦ የሚረሳውም እግሩን ነው። ፊቱን ማለዳ ይታጠባል፤ እጁን ከማዕድ በፊትና ከማዕድ በኋላ ይታጠባል፤ ራሱን ቅቤ ይቀባል፤ እግሩን ግን እሾህ ሲወጋው ወይም ሲያብጥበት ካልሆነ በቀር አይመለከተውም። ስለዚህ ስለ እግር መጻፍ ለሥነ ጽሑፍ ገጽ የማይገባ ዝቅተኛ ነገር መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን የአገራችንን ታሪክ በእግር በኩል ቢመለከቱት ብዙ የተሰወረ ነገር ይገለጣል፤ ከተሰወረውም አንዱ እስከ ዛሬ ድረስ ሰውን ከሰው የሚለይ ደዌ ነው።

አማርኛችን «ጫማ» በምትል በአንዲት ቃል ሁለት ነገር ይጠራባታል። የሰው ውስጥ እግሩ ጫማ ይባላል፤ ከቆዳ ተሰፍቶ እግርን የሚጋርደውም ጫማ ይባላል። ግእዝ ግን የሚጫሙትን ሣእን ብሎ ለብቻው ይጠራዋል። ቅኔ የሚቈጥር ተማሪ በአማርኛው ቃል ውስጥ ኅብር ያገኛል፤ ጫማ የሌለው ሰው ውሎ አድሮ ጫማውን ያጣል ቢል ሰሙም ወርቁም እውነት ይሆንለታል። እንዴት እውነት እንደሚሆን ከዚህ በታች እንመለከታለን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማችንን እናወልቃለን። ይህ ሥርዐት ሙሴ በሲና ምድር በቁጥቋጦው ፊት ከታዘዘው ትእዛዝ የመጣ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ሙሴ ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘው ጫማ ስለ ነበረው ነው። ማውለቅ ክብር መስጠት የሚሆነው የሚያወልቁት ነገር ሲኖር ነው፤ ከድህነት የተነሣ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው ግን አላወለቀም፤ አጣ እንጂ። በወንጌልም ጠፍቶ የተገኘው ልጅ ወደ አባቱ በተመለሰ ጊዜ አባቱ ልብስና ቀለበት ብቻ አልሰጠውም፤ ለእግሩም ጫማ አዘዘለት፤ ይኸውም ልጅነቱ የተመለሰለት ምልክት ነበረ። እንግዲህ ባዶ እግርነትን ሁሉ ትሕትና ብለን ብንጠራው ድህነትን ከምግባር ጋራ ማደባለቅ ይሆንብናል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ጫማ ባይኖራቸውም ለእግር ሥርዐት ነበራቸው። አብርሃም እንግዶቹን ከዛፉ ሥር አስቀምጦ አስቀድሞ ውሃ ለእግራቸው እንዳቀረበ፥ በአገራችንም እንግዳ ከመንገድ ሲገባ ውሃ ተሙቆ እግሩ ይታጠብ ነበረ፤ ማታ አባት ከእርሻ ሲመለስም ከቤት ልጅ አንዱ እግሩን አጥቦ ይስም ነበረ። ይህ ልማድ የአክብሮት ብቻ አልነበረም፤ የጤናም ነበረ። እግር በሚታጠብበት ጊዜ ጭቃው ይለቃል፤ የገባው እሾህ ይታያል፤ ሙጀሌው በመርፌ ይወጣል፤ የተሰነጠቀው ተረከዝ ቅቤ ይቀባል። ጸሎተ ሐሙስ በየዓመቱ ሲደርስ ካህናት የምእመናንን እግር የሚያጥቡበት ሥርዐት ዛሬም ጸንቶ አለ፤ የቤቱ የየማታ ልማድ ግን ከከተማው ስፋት ጋራ እየሳሳ ሄዷል። በዓመት አንድ ቀን በቤተ መቅደስ የሚሆነውን ይዘን፥ በየቀኑ በቤት ይሆን የነበረውን ለቀቅን።

የዚህች ከተማ አመሠራረትም ከመታጠብ ጋራ የተያያዘ ነው። አፄ ምኒልክ በእንጦጦ ተራራ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ብርዱ ብርቱ ነበረ፤ እንጨትም እየራቀ ሄደ። መኳንንቱና ሠራዊቱ ቍልቍል ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በዚያው ባማረው ሜዳ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ንጉሡ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በእንጦጦ ማርያም ቢሆንም፥ ከተማው ወደ ውሃው ተከትሎ ወረደ። እንግዲህ አዲስ አበባ መጀመሪያ ገላንና እግርን ለመታጠብ የተወረደባት ሜዳ ናት ብንል ከእውነት አንርቅም።

በዚያ ዘመን ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ፥ ከፍል ውሃም ወደ የካ ሚካኤል የሚመላለሰው ሕዝብ ከጥቂቱ በቀር ባዶ እግሩን ነበረ። በቆላ መንገድ የሚሄድ ሰው ከእሾህና ከግለት ለመዳን የቆዳ ነጠላ ጫማ ያደርግ ይሆናል፤ ደገኛው ግን የእግሩን ቆዳ እንደ ጫማ ቈጠረው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ያደረገው ሠራዊት አብዛኛው ባዶ እግሩን የዘመተ ነበረ። ጫማ እንዳይበዛ ያደረገው ድህነት ብቻ አይደለም፤ ቆዳ የሚያለፋውንና የሚሰፋውን ሰው «ፋቂ» እያልን እንንቀው ስለ ነበረ ሙያው አላደገም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ይህ ጉዳት ስለ ታያቸው ነው። የሚሰፋልንን ሰው ንቀን ባዶ እግራችንን ሄድን፤ ለንቀታችንም የከፈልነው በእግራችን ነው።

ከዚህ በኋላ የባዶ እግር ነገር በዓለም ፊት የገነነበት ቀን መጣ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ባዶ እግሩን ሮጦ አሸነፈ። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ሰው የማያነሣው ግን የሁለተኛውን ድል ነው፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶክዮ ሲያሸንፍ ጫማ አድርጎ ነበር፤ የፈጀበትም 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነው። ጫማው ክብሩን አልቀነሰበትም። ዛሬም በእንጦጦ ጫካ ማለዳ የሚሮጡት ወጣቶች ከምንም በፊት የሚያስቡት ስለ ጫማቸው ነው። በዚያው መንገድ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ከእንጦጦና ከየካ ኮረብታ ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርዱ ሴቶች አሉ፤ እግራቸው ውስጥ ያለው ያረጀ የላስቲክ ጫማ ነው፤ ዝናብ ሲሆን በውስጡ ጭቃ ይቋጥራል። ሯጩ ሲወጣ ተሸካሚዋ ስትወርድ በአንድ ዳገት ይተላለፋሉ፤ የእግራቸው ዕድል ግን አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ደዌው እንምጣ። በደጋው አገራችን እግር የሚያሳብጥ፥ ቆዳውን እንደ ሽበት ድንጋይ የሚያሻክር፥ ሕዝቡ ዝሆኔ ብሎ የሚጠራው በሽታ አለ። አያሌ ዘመን ሰው ይህን ደዌ ከእርግማን፥ ከመተት፥ ወይም ከዘር ርኵሰት ቈጠረው። በቆላ ከትንኝ በሚተላለፍ ትል የሚመጣ ሌላ የዝሆኔ ዐይነት ስላለ ሐኪሞችም መጀመሪያ ሁለቱን ያደባልቋቸው ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት ሐኪሞች በገበያ ቀን በየገበያው እየቆሙ የሚያልፈውን ሰው እግር ቈጠሩ፤ ደዌው ትንኙ በማይደርስበት ደጋ እንደሚበዛም አስተዋሉ። ከነዚህ አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ ደዌው ከቀይ አፈር አገር ጋራ የተያያዘ መሆኑን አሳየ፤ በጽርእ ቋንቋ እግርንና ትቢያን የሚሉትን ቃላት አጋጥሞም ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጣለት።

አፈሩ ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ ነው። እንጦጦም ራሱ ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በእሳተ ገሞራ የተሠራ ተራራ ነው፤ የደጋችን ብዙው እንዲሁ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ስፍራ ይህ ድንጋይ እየሟሸሸ ከዐይን የሚሰወር ደቂቅ ትቢያ ይሆናል። ባዶ እግሩን በሚሄድ ሰው የውስጥ እግር ቆዳ በኩል ትቢያው ይገባል፤ ሊምፍ የሚባለውን ውሃ መሰል ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ሥሮች ያቈስላል፤ ይዘጋልም። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። መጀመሪያ በእግር ጣቶችና በፊተኛው እግር ላይ ማሳከክና ማቃጠል ይሰማል፤ ማታ ያበጠው ጧት ይጎድላል፤ በዚህ ጊዜ ቢያዝ ይመለሳል። ከቆየ ግን አይጎድልም፤ በየጊዜውም ትኩሳትና ብርቱ ሥቃይ እየተነሣ ሰውን አልጋ ላይ ይጥላል። ከሰው ወደ ሰው ከቶ አይተላለፍም።

«ከዘር ነው» የሚለው የሕዝብ ቃልስ ከየት መጣ? በ2004 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው ሊቅ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልንጀሮቹ በወላይታ ሕሙማን ላይ ያደረጉትን ምርመራ አሳትመው፥ ለዚህ አፈር ቶሎ የሚሸነፍ ተፈጥሮ በዘር እንደሚወረስ ገለጡ። እንግዲህ ሕዝቡ በአንድ ቤተ ሰብ ሲደጋገም ማየቱ ሐሰት አልነበረም፤ ፍርዱ ግን ሐሰት ነበረ። የሚወረሰው እርግማን አይደለም፤ የቆዳና የደም ድካም ነው፤ ከታመመ ቤተ ሰብ የተወለደ ልጅም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ አይታመምም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ደዌ በ2003 ዓ.ም. ከተዘነጉት የሐሩር አገር በሽታዎች ጋራ ቈጠረው፤ መንግሥታችንም በ2005 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ዕቅዱ ውስጥ አገባው። በዚያው ጊዜ በመላው አገር ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎች ተመርምረው፥ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ከ100 ሰዎች 4ቱ እንደ ታመሙ ታወቀ፤ የሕሙማኑም ቍጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገመተ።

አባቶቼ ካህናት ሆይ፤ እነዚህ ሰዎች በደብራችን ውስጥ ናቸው። ልጃቸው ለጋብቻ ስትጠየቅ «ከዚያ ቤት አይጋባም» ይባላል፤ በሰርግና በለቅሶ ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ እግራቸው ይሸታል ተብሎ እንዳይነቀፉ ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን የሚተዉም አሉ። ይህን የሚለውጠው ከሐኪም ይልቅ የካህን ቃል ነው። ምሳሌም አለን፤ በእንጦጦ ጠበል የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ትተው በጠበሉ ብቻ ይኑሩ ወይስ ሁለቱንም ይያዙ የሚል ክርክር በተነሣ ጊዜ፥ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆኑ አይጣሉም ብለው አስተማሩ። ብዙ ነፍስ በዚያ ቃል ተረፈ። ለዝሆኔም እንዲሁ ነው፤ ጠበል የሚጠመቀው ሕመምተኛ በዚያው ቀን እግሩን በሳሙና ቢታጠብ እምነቱን አላጎደለም።

ሕክምናው ውድ አይደለም። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በወላይታ፥ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮም በደብረ ማርቆስ የተደራጁ የርዳታ ማኅበራት ይህንኑ አስተምረዋል። ሕመምተኛው በየቀኑ እግሩን በውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ቀጥሎ በልክ የቀጠነ የበረኪና ውሃ ውስጥ ይነክራል፤ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ያደርቃል፤ ቫዝሊን ይቀባል፤ እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ በፋሻ ይጠመጥማል፤ ሲቀመጥ እግሩን ከፍ ያደርጋል፤ ካልሲና ጫማ ያደርጋል። በ2010 ዓ.ም. የታተመ፥ በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ የተደረገ ምርመራም ይህ ቀላል ሥራ የትኩሳቱን መመላለስ እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

ጫማ ያለን ከተሜዎችም ከዚህ ትምህርት ውጭ አይደለንም። ቀኑን ሙሉ በተዘጋ ጫማ የዋለ እግር ካልታጠበና ካልደረቀ በጣቶች መካከል ይላጣል፤ ይበሰብሳል። ካልሲ በየቀኑ ይለወጥ፤ ጫማ ጣትን የሚያጣብቅ አይሁን፤ ጥፍር ጥግ ጥጉን ሳይቀደድ ቀጥ ተደርጎ ይቈረጥ፤ ተረከዝ ሳይሰነጠቅ ይቀባ። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው የእግሩ ስሜት ሊጠፋ ስለሚችል ቍስሉን ሳያውቀው ይውላል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ውስጥ እግሩን ይመልከት፤ ማየት ቢሳነው ልጁ ይመልከትለት፤ ጫማውንም ሳያገባ ውስጡን በእጁ ይዳስስ። ሥጋ ደዌ ስሜቱን ያጠፋበትም ሰው እንዲሁ ያድርግ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ሁሉ ተሰብስቦ የሚጠይቀን ጥቂት ነገር ነው። በቤት ውስጥ የማታው እጥበት ይመለስ። ልጅን ለጥምቀት አዲስ ልብስ የሚገዛ ወላጅ አስቀድሞ ጫማ ይግዛለት። በየደብሩ በር፥ በየካ ይሁን በእንጦጦ ይሁን በጎጃም ገጠር፥ ምእመኑ ጫማውን አውልቆ ገብቶ ሲወጣ እግሩን የሚታጠብበት ውሃና አንድ ሳሙና ይቀመጥ፤ ወጪው ከአንድ ጧፍ ብዙ አይበልጥም። ያበጠ እግር ያለው ሰው ወደ በሩ ሲደርስም ካህኑ እርሱን አስቀድሞ በእጁ ይዞ ያስገባው። የእጅ መስቀሉን ከተሳለመ በኋላ ስለ ጫማው ይጠይቀው፤ ከሌለው ደብሩ ይግዛለት።