ጦማርን የገደለው እገዳ አይደለም

ሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት 264 ድረ ገጾችንና ጦማሮችን ከእገዳ ነፃ ማውጣቱን አስታወቀ። ለዓመታት በፕሮክሲ እየዞርን፣ በጓሮ በር እየገባን ስናነባቸው የኖርናቸው ገጾች በዋናው በር ተከፈቱ። ገብተን ስናይ ግን ብዙዎቹ ቤቶች ባዶ ነበሩ። የመጨረሻው ጽሑፍ ከተለጠፈ ዓመታት አልፈዋል። ጸሐፊው ፌስቡክ ላይ ነው፤ አንባቢውም እዚያው።

እገዳው በነበረበት ዘመን ይነበብ የነበረ ነገር፣ እገዳው ሲነሳ ለምን አንባቢ አጣ? ጥያቄው የናፍቆት ብቻ ቢሆን አላነሳውም ነበር። ባለፉት ዓመታት በዚህች አገር ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ፣ ምን እንዳለ ለማወቅ መዝገብ ያስፈልገናል። መዝገቡ ግን ከእጃችን እየጠፋ ነው።

እስኪ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 የተካሄደው ምርጫ ሰሞን የሞባይል አጭር መልእክት የፖለቲካ መሣሪያ ሆኖ ነበር። የቅስቀሳ ጥሪ በአንድ ምሽት ከተማውን ያዳርስ ነበር። ከምርጫው በኋላ ቀውሱ ሲበረታ አገልግሎቱ ተዘጋ፤ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሚሊኒየሙ መባቻ መስከረም 2000 ነው። በ1998 መጀመሪያ ደግሞ የተቃዋሚ መሪዎችና ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ የግል ጋዜጦች ተዘጉ። አጭሩም ረጅሙም መንገድ ሲዘጋ ጦማር ቦታውን ያዘ።

የዚያን ጊዜዎቹ ጦማሮች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ፣ ብዙዎቹም በብዕር ስም የሚጻፉ ነበሩ። ኢትዮ-ዛጎልን የሚያስታውስ ያስታውሳል። የቅንጅት መሪዎች የፍርድ ሂደት በጋዜጣ በማይገኝበት ሰዓት ወሬው ከእንዲህ ዓይነት ገጾች ይፈለግ ነበር። ግንቦት 1998 ላይ ብሎግስፖት በጠቅላላው አገር ውስጥ አልከፈት አለ። አንድ ቤት ለመዝጋት ሰፈሩ በሙሉ ታጠረ። ጽሑፉ ግን አልቆመም።

በኋላም እንዲሁ። እስክንድር ነጋ የጋዜጣ ፈቃድ ሲከለከል ወደ ድረ ገጽ ሄደ፤ መስከረም 2004 ታሰረ፣ ሐምሌ 2004 የ18 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ዘጠኝ ወጣቶች ዞን ዘጠኝ የተባለውን ጦማር ከፈቱ። ስሙ ከቃሊቲ የመጣ ነው። ማረሚያ ቤቱ ስምንት ዞኖች ነበሩት፤ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው። መፈክራቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል ነበር። «ጦማር» የሚለው የግእዝ ቃል ደብዳቤ ማለት ነው፤ በአዲሱ ትርጉሙ የብዙ ሰው ጆሮ የገባው በእነሱ ዘመን ይመስለኛል።

ካነሷቸው ዘመቻዎች አንዱ «ሕገ መንግሥቱ ይከበር» የሚል ነበር። ከወራት ዝምታ በኋላ ወደ ጽሑፍ መመለሳቸውን ባስታወቁ በቀናት ውስጥ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2006 እና በማግስቱ፣ ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። የተከሰሱት በፀረ ሽብር አዋጁ ነው። በጥፋትነት ከቀረበባቸው አንዱ የዲጂታል ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ሐምሌ 2007 ላይ፣ ኦባማ አዲስ አበባ ሊገቡ ሳምንታት ሲቀሩ፣ የአምስቱ ክስ ተቋረጠ። ጥቅምት 2008 ፍርድ ቤቱ ቀሪዎቹን ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። በፍቃዱ ኃይሉ ላይ ብቻ አመፅ የማነሳሳት ክስ ቀርቶበት በዋስ ወጣ።

ይህን ሁሉ የማነሳው ጀግንነታቸውን ለማወደስ አይደለም። በዚያ ዘመን ሰው ለአንድ ረጅም ጽሑፍ እስር ቤት ይገባ ነበር፤ ሌላው ደግሞ ያንን ጽሑፍ ለማንበብ ፕሮክሲ ይፈልግ ነበር። እገዳ ጦማርን አደከመው እንጂ አልገደለውም።

የገደለው ምቾት ነው። ጦማሩ ሲታገድ ሙሉውን ጽሑፍ ገልብጦ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ቀላሉ መፍትሔ ሆነ። አንባቢው እዚያው አነበበ፣ እዚያው ወደደ፣ እዚያው ተሳደበ። ለጊዜው ብለን የገባንበት ቤት ቋሚ መኖሪያ ሆነ። ስልክ ሲበዛ ደግሞ ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ የሚሸጥ የኢንተርኔት ጥቅል መጣ። ጥቅሉን የገዛ ሰው ፌስቡክና ቴሌግራም ይከፈትለታል፤ አንድ ጦማር ለመክፈት ግን ሌላ ብር ያወጣል። በዚህ ሒሳብ ማንም ወደ ጦማር አይሄድም።

ፊደላችንም የራሱ ታሪክ አለው። ትዊተር በ2010 መጀመሪያ ከ140 ወደ 280 ሲያሰፋ ብዙ ቋንቋዎች እጥፍ ቦታ አገኙ፤ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ እንደ ሁለት ስለሚቆጠር ለማይከፍል ተጠቃሚ እዚያው 140 ላይ ቀረ። በ140 ፊደል ስድብ ይጻፋል፤ መፈክርም ይጻፋል። «ይሁን እንጂ» ብሎ ሌላውን ወገን ለማስረዳት ግን ቦታ የለም።

ርዝመት በራሱ ቅዱስ አይደለም። ረጅም ውሸት እንዳለ ሁሉ አጭር እውነትም አለ። ጦማር የነበረው ጥቅም ሌላ ነው፦ አድራሻ፣ ቀንና ባለቤት። የብዕር ስም እንኳ ቢሆን ያው አንድ ስም በያው አድራሻ ለዓመታት ይጽፋል። የዛሬ ሦስት ዓመት ምን ብሎ እንደነበር ወርና ዓመቱን መርጦ ማየት ይቻላል። ሐሳቡን ከቀየረ «ለምን ቀየርክ?» ይባላል። ፌስቡክ ላይ ግን ትናንት ጦርነት የሰበከ ሰው ዛሬ ጽሑፉን አጥፍቶ ስለ ሰላም ቢያስተምረን ማስረጃችን የአንድ ሰው ስክሪንሾት ብቻ ነው። ስክሪንሾት ደግሞ ይሠራል፤ ሁላችንም እናውቃለን።

ይህ የሐሳብ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ2014 መጀመሪያ አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸው ታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ በሚገኝ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። እንደ ክሱ ከሆነ፣ ከግድያው በፊት አባቱን በስምና በፎቶ እየጠቀሱ የሚያነሳሱ ጽሑፎች ተሠራጭተዋል፤ ጥቆማ ቢቀርብም ኩባንያው በጊዜው አላነሳቸውም። ጽሑፎቹ ድርሳን አልነበሩም። ለመጻፍ ደቂቃ የማይፈጁ፣ ለማጋራት ደግሞ አንድ ጣት የሚበቃቸው ነበሩ።

ሚያዝያ 2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቋል። እውነት ማፈላለግ የሚባለው ሥራ አንድ ቀን ከምር ሲጀመር ምስክር መጠራቱ አይቀርም። ከምስክሩ ጎን የሚቀመጠው ጽሑፍ ግን የት ይገኛል? የ1997ቱን ዘመን የሚያጠና ሰው ቢያንስ የጋዜጣ ቅጂና ጥቂት ጦማር ያገኛል። የ2013ን ዓመት የሚያጠና ሰው የተሰረዙ ገጾችና የተዘጉ አካውንቶች ይጠብቁታል። ከዚያ በተጨማሪ ትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦባት ስለነበር እዚያ ውስጥ የነበረው ሰው የዕለቱን በዕለቱ መጻፍ አልቻለም። ስለ እሱ የጻፉት ሌሎች ናቸው፤ እነሱም አሁን እያጠፉ ነው።

«ታዲያ አንተስ ቴሌግራም ላይ አይደል የምትጽፈው?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ትክክል ነው። በእኔ ግምት ለረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ዛሬ ከቴሌግራም የተሻለ የሚነበብ ቦታ የለም። አንድ መልእክት 4,096 ፊደል ይይዛል፤ ይህ ጽሑፍ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚደርሳችሁ። ሆኖም ቻናል የጦማር ወራሽ እንጂ ምትኩ አይደለም። ባለቤቱ አንድ ቁልፍ ነክቶ የዓመታት ጽሑፍ ከሁላችሁም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ድርጅቱ ፖሊሲውን ቢለውጥ ወይም አገልግሎቱ እዚህ ቢዘጋ (ከዚህ በፊትም ተዘግቶ ያውቃል) ያለን ነገር ሁሉ የተከራየነው ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የምትጽፉ ሰዎች፦ ጽሑፋችሁን አንባቢ ባለበት ልቀቁት፣ ግን በራሳችሁ ስም፣ ከነቀኑ፣ ማንም ሊፈትሸው በሚችል ገጽ ላይ አንድ ቅጂ አስቀምጡ። ስትሳሳቱም አታጥፉት፤ ከሥሩ አርሙት። ይህን ለማድረግ ዛሬም ብሎገር ነፃ ነው፤ ከነፃውም በላይ አልታገደም። የምታነቡ ሰዎች ደግሞ ስለ ጦርነትም ሆነ ስለ ሰላም የሚመክራችሁን ሰው ከማጋራታችሁ በፊት የ2013 ጽሑፉን ጠይቁት። ካሳያችሁ አንብቡና ፍረዱ። «አጥፍቼዋለሁ» ካላችሁ ግን ለምን እንዳጠፋው ጠይቁት።