ከሣሩ በታች ያለው ድንጋይ፤ ስለ ቡጅ ቢም አገር

በአውስትራልያ፥ በቪክቶሪያ ግዛት ምዕራብ፥ ቡጅ ቢም የተባለ አገር ይገኛል። መንገደኛ ሲያልፍበት የሚታየው የበግና የከብት መሰማሪያ ነው። ነገር ግን በመስኩ መካከል፥ ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ላይ፥ የጥንቱ ባለአገር የጉንዲችማራ ሕዝብ የሠራው ቦይና ግድብ አለ። በዚሁም ኩያንግ የሚሉትን እባብ መሰል ዓሣ ወደ ኩሬ እየመሩ ያረቡ ነበር፤ የሥራውም ዕድሜ 6,600 ዓመት ያህል ይገመታል። ክብ የድንጋይ ቤቶችም ሠርተው ነበር።

የሄንቲ ቤተ ሰብ እ.ኤ.አ. በ1834 በፖርትላንድ ከሰፈረ በኋላ በግ አርቢዎች ወደ ውስጥ ዘለቁ። መሬቱንም ያልለማና ባለቤት የሌለው አድርገው ስለ ቆጠሩት፥ በ1840ዎቹ ዓመታት ብዙ ደም ፈሰሰ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በኋላ የኮንዳ ሐይቅ ሚሲዮን መሬት ለዘማቾች ሲከፋፈል፥ የዘመቱት የጉንዲችማራ ወታደሮች ድርሻ ተነፈጉ።

የፌዴራሉ ፍርድ ቤት የሕዝቡን የባለአገርነት መብት በ2007 አወቀ፤ ዩኔስኮም ስፍራውን በ2019 በዓለም ቅርስነት መዘገበ። እንግዲህ «ይህን አገር መጀመሪያ ያለማው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የታሪክ ተማሪ፥ ከሰፋሪዎቹ መዝገብ አስቀድሞ ድንጋዩን ሊመረምር ይገባዋል።