ከአንኮበር በታች
(ስለ አልዩ አምባ)

የሸዋን ታሪክ ስንማር ወሬው ሁሉ የደጋ ነው። ነጋሲ ከመንዝ፣ ከአጋንቻ ተነሣ፤ ዘሮቹ አንኮበርን መናገሻ አደረጉ፤ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 ነገሡ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ይሁን፣ እውነት ነው። ግን ያ ተራራ ላይ የተሰቀለ ከተማ ጨዉ ከየት ይመጣለት ነበር? ይህን የጠየቀ ሰው ዓይኑን ከግቢው አንሥቶ ቁልቁል ወደ ምሥራቅ ማየት አለበት። የግማሽ ቀን መንገድ ሳይሞላ አልዩ አምባ አለች።

ነገሩ ከብርዱ ይጀምራል። መንዝ የገብስና የበግ አገር ነው፤ ጥጥ አያበቅልም። ሰዉ የበግ ጠጉር ፈትሎ ባና የሚደርበው ወዶ ብቻ አይደለም። ጥጥና በርበሬ ከቆላ ነው፤ ጨው ደግሞ ከቆላም ቆላ፣ ከአፋር በረሃ። ደገኛውና ቆለኛው የሚገናኙበት ቦታ የግድ ነበር። አልዩ አምባ ዓርብ ዓርብ ገበያ ይቆማል። ደገኛው እህሉንና በቅሎውን ይዞ ይወርዳል፤ ከታጁራ የተነሣው ቅፍለት ጨው፣ መዳብ፣ ዶቃና የህንድ ጨርቅ ጭኖ ይወጣል፤ የሐረር ነጋዴም እዚያው ቤት ይዞ ይቀመጣል። ሒሳቡ በማርያ ትሬዛ ብርና በአሞሌ ነው። ነዋሪው አብዛኛው አርጎባ፣ ሙስሊም ነበር፤ ይፋትን የሚያስተዳድረው ሹምም ከጥንቱ ከወላስማ ዘር የተወለደ ሙስሊም። የክርስቲያኑን ንጉሥ በር የሚጠብቅለት ሙስሊም ነበር ማለት ነው፤ ይህን ለምን ዘለን እንደምናልፈው አይገባኝም።

የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1841 ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ። ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ግን በ1842 አልዩ አምባ ውስጥ ቤት ይዞ ተቀመጠ። ሁለቱም በ1844 መጽሐፍ አሳተሙ። ሁላችን የምንጠቅሰው ሃሪስን ነው። ለእኔ ጎረቤትና ገበያ ያየው ጆንስተን ይበልጥብኛል።

አሁን ደስ የማይለውን ላንሣ። ከከተማዋ አጠገብ፣ አብዱል ረሱል በሚባል ስፍራ፣ የባሪያ ገበያ ነበር። ከደቡብ የተነዱ ልጆች እዚያ እየተሸጡ ወደ ባሕሩ ይወርዱ ነበር። ይህ ሲነሣ «ንግዱ እኮ የነጋዴዎቹ የሙስሊሞቹ ነው፤ ክርስቲያን ባሪያ አይሸጥም» የሚል መልስ እሰማለሁ። ሻጩስ ሙስሊም ነበር። ቀረጡ ግን ሽቅብ ወደ ንጉሡ ነበር የሚወጣው፤ ለግቢው ውሃ የሚቀዱት፣ እህል የሚፈጩትም ባሮች ነበሩ። ታዲያ ንግዱ የማን ነው?

የአልዩ አምባን ገበያ ያቀዘቀዘው ጦርነት አይደለም፤ መንገዱ ነው የዞረባት። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሄዱ፤ በ1886 አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ገጣሚው አርቱር ራምቦ ጠመንጃ ነጋዴ ሆኖ በ1887 መጀመሪያ ከታጁራ አንኮበር ቢደርስ ንጉሡ የሉም፤ እስከ እንጦጦ ተከትሏቸው ሄደ። በዚያው ዓመት ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች፤ ነጋዴውም በዚያ በኩል ማለፍ ጀመረ። በ1917 ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲገባ የታጁራው ቅፍለት ነገር አከተመለት።

ከተማዋ ግን ዛሬም አለች። የአካባቢው አርጎባ አሁን በአብዛኛው የሚናገረው አማርኛ ነው፤ ያ የገበያ ቀን የልሳን ድብልቅ ቀርቷል። አንኮበር የሚወጣ የታሪክ ተማሪ የግቢውን ስፍራ አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ቁልቁለቱን የሚወርድ ጥቂት ነው፤ መልሶ መውጣቱ ያደክማላ!