ግመልህን እሰር፦ የኅዳር በሽታ እና ያልተዘጋጀች ከተማ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



አዲስ አበባ ያደገ ሰው ኅዳር 12ን ያውቃታል። በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይከመራል፤ እሳት ይለኮስበታል፤ ከተማዋ በጭስ ትታፈናለች። «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ልጆች ሳለን እኛም ከጎረቤት ልጆች ጋር ቅጠልና ካርቶን እየሰበሰብን እሳቱን ዞረናል። ለምን እንደሚጨስ ግን የጠየቀም የነገረንም አልነበረም።

ያ ጭስ የአንድ ወረርሽኝ ትዝታ ነው። ዛሬ ስለዚያ ወረርሽኝ እንነጋገራለን። ታሪኩን የምናነሳው ለመደነቅ ሳይሆን፣ ተመሳሳዩ ቢመጣ ምን ይዘን እንደምንጠብቀው ራሳችንን ለመጠየቅ ነው።

ከተማዋ የተኛችበት ወር

በ1911 ዓ.ል ኅዳር ወር፣ በፈረንጆቹ 1918 መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው፣ ዓለም «የስፔን ጉንፋን» ያለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታት። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና አንድ ዓመት ገደማ ነበር። በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የባሕር መንገድ በቀናት የሚያልቅ ሆኖ ነበር። መንገድ ሲያጥር ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን በሽታም ይፈጥናል።

በዚያን ወር ድኻ ከባለጸጋ አልተለየም። የ26 ዓመቱ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለሞት ተቃርበው ነበር። በከተማዋ ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እነሱም ታመሙ። መቃብር የሚቆፍር ጠፋ። አንዳንዱ ሬሳ በጥልቀት ባለመቀበሩ ለአውሬ ተጋለጠ። አላህ ይጠብቀን።

በዓለም ላይ ቢያንስ 50 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገመታል። የሚገርመው ደግሞ ይህ ጉንፋን ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ብቻ አልነበረም የሚወስደው። ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ያሉ ጤነኛ ጎልማሶችን አብዝቶ ገደለ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ብዙዎቻችሁ በዚያ ዕድሜ ላይ ናችሁ። እኛም ነን። ስለዚህ «ወጣት ነኝ፣ ጉንፋን ምን ያደርገኛል» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ሰዉን የገደለው ምን ነበር?

በዚያን ጊዜ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ገና አልተለየም ነበር። የተለየው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ጉንፋኑ ሳንባን ካደከመ በኋላ የሚከተለውን የሳንባ ምች የሚያክም አንቲባዮቲክም አልነበረም። ሰዉ በሽታው ከመጥፎ አየር የመጣ ስለመሰለው አየሩን ለማጥራት ቆሻሻ አቃጠለ፤ ባሕር ዛፍ አጨሰ። አያቶቻችንን አንወቅስም፤ ያላቸውን ሁሉ አድርገዋል። ጭሱ ግን ቫይረሱን አልነካውም።

ሌላ ገዳይ ደግሞ ነበር፤ እሱን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በአንድ ቤት አባትም እናትም ልጆችም በአንድ ቀን ሲወድቁ ውሃ የሚያቀብል ይጠፋል። ሾርባ የሚያሞቅ፣ ትኩሳት ያለበትን በእርጥብ ጨርቅ የሚያብስ አይኖርም። በ1918 በብዙ አገሮች መዳን ይችሉ የነበሩ ሰዎች የሚያስታምማቸው በማጣት ሞተዋል። ጎረቤቱ ወይ ታሟል፣ ወይ ፈርቶ በሩን ዘግቷል።

ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሁለት ደሴቶች

በዚያው ወር ከእኛ እጅግ ርቆ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የሆነውን እንይ። ሳሞኣ በሚባሉት ደሴቶች የሚኖረው ሕዝብ አንድ ነው፤ ቋንቋውም አንድ ነው። አስተዳደሩ ግን ተከፍሎ ነበር፤ ምዕራቡን ኒውዚላንድ፣ ምሥራቁን አሜሪካ ያዙት። ኅዳር መግቢያ ላይ «ታሉን» የምትባል መርከብ ከኒውዚላንድ ሕሙማንን ጭና ምዕራብ ሳሞኣ ደረሰች። ማንም ሳያግዳት ሰዎቿን አወረደች። በሁለት ወር ውስጥ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ያህሉ አለቀ። በምሥራቅ በኩል ግን አስተዳዳሪው ወደቡን በጥብቅ ኳራንታይን አስጠበቀ። ከዚያ ሕዝብ በወረርሽኙ አንድም ሰው አልሞተም።

ልዩነቱ በሩ ላይ የቆመው ሰው ውሳኔ ነው።

ይህን ስናነብ ወደ አእምሯችን የመጣው መድረሳ ውስጥ የቀራነው ሐዲስ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ባለበት ምድር እንዳይገባ፣ ያለንበት ምድር ላይ ከተከሰተም ሸሽተን እንዳንወጣ አስተምረውናል። በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ቦታ ላይ ወረርሽኙ ሻም መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፤ አንሷሮችን አማከሩ፤ ሐሳባቸው ተለያየ። በመጨረሻ የቁረይሽ አዛውንቶች «ሰዉን ይዘህ ተመለስ» በማለት ተስማሙ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ይሸሻል ወይ ብለው ጠየቋቸው። የዑመር መልስ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንሄዳለን የሚል ነበር። ግመሎቹን ወደ ለምለሙ ሸለቆ ወይም ወደ ደረቁ የሚነዳ እረኛ፣ የትም ቢወስዳቸው ከአላህ ቀደር እንደማይወጣ በምሳሌ አስረዱ። ከዚያ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው ያን ሐዲስ ሲነግሯቸው ዑመር አላህን አመሰገኑ፤ ተመለሱም።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ዑመር የተመለሱት ኢማናቸው ስለደከመ ነውን? በፍጹም! ውሳኔያቸው በምክር፣ በማስረጃና በጊዜው የተወሰደ ነበር። ወረርሽኙ ብዙ ሰሓቦችን ወሰደ፤ አቡ ዑበይዳና ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ) ከእነሱ ናቸው። በኋላ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) ሰዉ ወደ ተራሮች እንዲበታተን አዘዙ፤ አላህም በሽታውን አነሳላቸው።

መሰብሰብ ሲጎዳ

ታላቁ የሐዲስ ሊቅ ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (ረሒመሁላህ) ሦስት ሴት ልጆቻቸውን በወረርሽኝ አጥተዋል። ስለ ወረርሽኝ በጻፉት ኪታብ ላይ በ833 ዓ.ሒ. ካይሮ ላይ ያዩትን መዝግበዋል። በሽታው ሲጀምር በቀን የሚሞተው ሰው ከ40 በታች ነበር። ሕዝቡ ሦስት ቀን ከጾመ በኋላ ወደ በረሃ ወጥቶ በአንድነት ዱዓ አደረገ። ወሩ ሳያልቅ በቀን የሚሞተው ከአንድ ሺህ በላይ ሆነ። ኢብኑ ሐጀር ስለ ቫይረስ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ያዩትን ግን አልደበቁም። እንዲህ ያለው መሰባሰብ ከሰለፎች ያልተገኘ መሆኑንም ጽፈዋል።

ዱዓው ጎዳ ማለታችን አይደለም። ዱዓ የሙእሚን መሣሪያ ነው፤ ቤት ውስጥም ይደረጋል። በወረርሽኝ ጊዜ የሚጎዳው ትከሻ ለትከሻ መታጨቁ ነው።

ከአምስት መቶ ዓመታት ያህል በኋላ ተመሳሳይ ነገር አሜሪካ ውስጥ ታየ። እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1918 የፊላደልፊያ ከተማ በሽታው መግባቱን እያወቀች ለጦርነቱ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሰልፍ ጠራች። 200 ሺህ ያህል ሰው ወጣ። በቀናት ውስጥ ሆስፒታሎቹ ሞሉ፤ በስድስት ሳምንታትም ከ12 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ሴንት ሉዊስ የተባለችው ከተማ ግን የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን እንደታዩ ትምህርት ቤቶችን፣ ቲያትር ቤቶችንና ቤተ ክርስቲያኖችን ዘጋች። በዚያ ወቅት የሞት መጠኗ የፊላደልፊያን ግማሽ ያህል ነበር።

ሆስፒታል ቀድሞ ይሠራል

«ግመሌን ልሰር ወይስ በአላህ ልመካ?» ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስረህ ተመካ እንዳሉት ሁላችንም እናውቃለን። ግመል የሚታሰረው ከመጥፋቱ በፊት ነው። ቀደምቶቻችን ይህን በጤና ጉዳይ ተግባር ላይ አውለውታል። ኑረዲን ዘንኪ በ549 ዓ.ሒ. ደማስቆ ላይ ቢማሪስታን፣ ማለትም ሆስፒታል፣ ገነቡ። ቀላውን የተባሉት ሹም ሻም ሳሉ ሲታመሙ በዚያው ቢማሪስታን መድኃኒት ዳኑ። ሱልጣን ሲሆኑ ካይሮ ላይ እንደሱ ያለ ሊሠሩ ተስለው ነበርና በ683 ዓ.ሒ. ግድም አስገነቡ። ለትኩሳት ሕሙማን፣ ለዓይን ሕሙማን፣ ለቀዶ ሕክምና የተለያየ ክፍል ነበረው። ሴቶችም የራሳቸው ክፍል ነበራቸው። ወጪው የሚሸፈነው ከወቅፍ ነበር፤ የሱቆችና የመሬት ገቢ በየዓመቱ ለሆስፒታሉ ይገባል።

ዛሬም ለወረርሽኝ የሚዘጋጅ ሆስፒታል ከዚህ ሐሳብ ብዙ አይርቅም። ትኩሳትና ሳል ያለበት በሽተኛ የሚገባበት በር ከወላዷና እግሩ ከተሰበረው ይለያል። ኦክስጅን፣ ጓንትና ማስክ ሕሙማኑ ከመምጣታቸው በፊት በመጋዘን ይከማቻል። ነርሶቹ ራሳቸው ሲታመሙ ማን እንደሚተካቸው አስቀድሞ ይጻፋል፤ በወረርሽኝ ጊዜ ቀድሞ የሚታመመው አስታማሚው ነውና። ኦክስጅን የሚያመርት ማሽን በሽተኛው አልጋ ላይ እያለ ተገዝቶ አይደርስም።

ሆስፒታል ግን ብቻውን አይበቃም። የኅዳር በሽታ ያስተማረን ይህን ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚታመመው ቤቱ ነው፤ የሚያስታምመውም ቤተሰቡና ጎረቤቱ ነው።

እኛስ?

በ2012 ኮሮና ሲገባ የእኛ መስጂድ እንዴት እንደጠበቀው እንናገር፤ እውነቱ አያኮራንም። ስለ ሶፍ መራራቅ ለሳምንታት ተጨቃጨቅን። ዝናብ ሲበረታ ሙአዚኑ ሰዉ በየቤቱ እንዲሰግድ እንደሚናገር በኪታብ ቀርተን ሳለ፣ የመስጂዱ በር ሲዘጋ ዲን የጠፋ የመሰለን ነበርን። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። ጀናዛ የሚያጥቡልን ሁለት አዛውንት ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ከ60 ዓመት አልፈዋል፤ አንደኛው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ጓንት አልነበራቸውም። እኛ ወጣቶቹ በር ላይ ቆመን «አባባ ይምጡ» እንላለን። ለምን? ማጠብ አናውቅም ነበራ! አላህ አዛውንቶቹን ጠበቃቸው፤ እኛ ግን አልጠበቅናቸውም።

የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1957፣ በ1968 እና በ2009 ተመልሶ መጥቷል። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ አላህ ብቻ ያውቃል። መምጣቱ ግን አይቀሬ ነው ብለን ብንዘጋጅ የምንጎዳው የለም። ስለዚህ በየመስጂዳችን ዛሬውኑ ልንጀምራቸው የምንችላቸው ጥቂት ሥራዎች አሉ፦

አንደኛ፣ ቢያንስ አሥር ወንዶችና አሥር ሴቶች ወጣቶች የጀናዛ ትጥበት ይማሩ። ጓንት፣ ማስክና ሽርጥ በመስጂዱ ይቀመጥ። በተላላፊ በሽታ የሞተን ማጠብ አደጋ ሲሆን ሸሪዓ ምን ማቅለያ እንደሰጠ ኢማሞቻችንን አስቀድመን እንጠይቅ፤ ሬሳው ፊት ቆመን አንከራከር።

ሁለተኛ፣ በሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን፣ ሕመምተኞችንና ነፍሰ ጡሮችን እንመዝግብ። ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ጎረቤት ጎረቤት ነው። ለእያንዳንዱ ቤት ውሃና ምግብ በር ላይ የሚያደርሱ ሁለት ሰዎች ይመደቡ፤ ሁለት ያልነው አንዱ ሊታመም ስለሚችል ነው።

ሦስተኛ፣ የመስጂዱ መስኮቶች ይከፈቱ፤ ዉዱእ ማድረጊያው ላይ ሳሙና አይጥፋ። የሚያስለውና የሚያተኩሰው ሰው ቤቱ ይስገድ፤ የሕመም ዑዝር አለው። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ሰጋጁን በሽታው እንዳያስቸግር ከመስጂድ እንዲርቅ ከታዘዘ፣ በሽታ የያዘውማ ይበልጥ ይገባዋል።

አራተኛ፣ ከሳጥኑ ትንሽ ገንዘብ ለዚሁ ብቻ ይለይ። ቀላውን የወቀፉትን ያህል ባይሆንም ለጤና ጣቢያችን ጓንትና ማስክ ይገዛል። ሰደቃ ነው።

አምስተኛ፣ በቴሌግራም የመጣን «መድኃኒት» ሁሉ አናስተላልፍ። የሰማነውን ሁሉ መናገር ሐሰተኛ ለመሆን እንደሚበቃ ተነግሮናል። መጀመሪያ የጤና ባለሙያ እንጠይቅ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! የ1911 ሰዎች ጭሱን ትተውልን አልፈዋል። ጭሱ በየዓመቱ ይነሳል፤ ትምህርቱ ግን አመድ ሥር ቀርቷል። ከዚህ ጁምዓ በኋላ ወደ መስጂዳችሁ ኢማም ሄዳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ሼኻችን፣ ጀናዛ ማጠብ መቼ ያስተምሩናል?» እኛ ባለፈው ወር ጀምረናል፤ ከሁለቱ አዛውንቶች አንዱ ናቸው የሚያስተምሩን። አልሐምዱሊላህ፣ እስካሁን ስምንት ሆነናል።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ይማር፤ የሞቱብንን ይዘንላቸው፤ አገራችንን ከክፉ ወረርሽኝ ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።