ከሆስፒታሉ ደጅ የቀሩት እናቶች

በእንግሊዝ አገር፣ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ፣ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ሆስፒታል የገሠገሠች እናት ልጇን ለነርሷ አስረክባ ከደጅ ትመለስ ነበር፤ በብዙዎቹ ሆስፒታሎች የመጠየቂያው ቀን በሳምንት አንዴ፣ ይኸውም እሑድ ለጥቂት ሰዓት ሲሆን፣ ወላጅን ጨርሶ የማያስገቡም ነበሩ። አስታማሚ ከአልጋው ግርጌ ማደሩ ልማድ ለሆነበት ለእኛ አገር ሰው ይህ ጭካኔ ይመስለዋል፤ ሐኪሞቹ ግን ምክንያት አላጡም። ተላላፊ ደዌ ከጠያቂ ጋር ገብቶ ክፍሉን ይፈጀዋል ብለው ይሠጉ ነበር፤ ደግሞም ሕፃኑ እናቱ በመጣች ቍጥር ያለቅሳል፣ ሳትመጣ ሲቀር ግን ጸጥ ይላል ይሉ ነበር። የክርክራቸውም መሠረት ይኸው ጸጥታ ነበር።

በኒውካስል ከተማ ሐኪሙ ጄምስ ስፔንስ ገና በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር አስተኝተው ራሳቸው እንዲያስታምሙ ቢያደርጉም፣ የተከተላቸው ጥቂት ነው። ጸጥታውን የመረመረው ግን ሐኪም አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሮበርትሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሕፃናት ሥነ ልቦና ሊቋ አና ፍሮይድ ባቋቋመችው የሕፃናት ማሳደጊያ እሳት አንዳጅና ጠጋኝ ሆኖ የጀመረ፣ ኋላም በለንደኑ ታቪስቶክ ክሊኒክ ከሥነ አእምሮ ሐኪሙ ከጆን ቦልቢ ጋር የሠራ ሰው ሲሆን፣ ለቀላል ቀዶ ሕክምና 8 ቀን የተኛችን የ2 ዓመት ልጅ፣ መርጦ አነሣ እንዳይባል በየዕለቱ በተወሰነ ሰዓት፣ በፊልም ቀረጻት። ልጅቷ ብዙ አታለቅስም፤ እናቷ ስትመጣ ግን ፊቷን ታዞርባታለች። ፊልሙ በ1952 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ በንጉሣዊው የሕክምና ማኅበር ሲታይ፣ ከተሰብሳቢዎቹ ብዙዎቹ ሙያችን ተነቀፈ ብለው ተቈጡ፤ ለእኔ ግን ቍጣቸው ራሱ የእውነቱ ምስክር ይመስለኛል።

ከ7 ዓመት በኋላ በሰር ሃሪ ፕላት ሊቀ መንበርነት የተመራው የመንግሥት ጉባኤ ወላጅ በፈለገው ሰዓት እንዲገባ፣ በተለይም ከ5 ዓመት በታች ካለ ልጅ ጋር እናቱ አብራ እንድታድር መከረ። ምክር እንጂ ሕግ ስላልነበረ፣ በ1961 በለንደን የባተርሲ ሰፈር እናቶች ማኅበር አቋቁመው አፈጻጸሙን ይከታተሉ ጀመር።

በሩ በተዘጋበት በዚያ ሁሉ ዘመን የተጐዳው የሕፃኑ ልብ ብቻ አልነበረም፤ ሕፃኑ ጤነኛ ሳለ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ እንዴት እንደሚያለቅስ የሚያውቀው ብቸኛው ምስክር ከደጅ ስለ ቀረ፣ ሐኪሙም አንደበት ስላልፈታው በሽተኛ ማንን ይጠይቅ? ዛሬ ግን ይህ ምስክር ተሰሚ እየሆነ ነው፤ ከ2024 ጀምሮ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የተተከለው «የማርታ ደንብ» የተባለው ሥርዓት፣ ልጄ ተባብሶበታል የሚል ወላጅ አካሚዎቹ ባይሰሙት ሌላ የሕክምና ቡድን በአስቸኳይ እንዲያይለት የመጠየቅ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ልጁ ተሽሎት ወይም ብሶበት እንደ ሆነም ወላጁ በየዕለቱ እንዲጠየቅ ያዛል።